አዛዡን ማን ያወርደዋል?

የእርስ በርስ ጦርነት ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ሁሌም በአንድ መንገድ ይሄዳል። ስንት ሰው አላቸው? ምን ታጥቀዋል? መሪያቸው ማነው? ከዚያ ፎቶ ይለጠፋል፣ ስም ይጠራል፣ ብርጌድ ተመሠረተ፣ ክፍለ ጦር ተመሠረተ ይባላል። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ ብዙ አልሰማም። ያ አዛዥ ነገ ቢያጠፋ፣ ወይም ሥራው ባይሆንለት፣ ማን ያወርደዋል?

በእኔ እምነት የወዶ ዘማች ጦር የሚቆመውም የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሰው መሰብሰብ ያን ያህል አይከብድም። አገር ሲግል ሰው ራሱ ይመጣል። መሾምም አይከብድም። ጭንቁ የተሾመውን ከቦታው አንስቶ ጦሩ ሳይበተን ማቆየት ነው።

ምሳሌ የማደርገው የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ከ1861 እስከ 1865 በሰሜኑ የፌዴራል መንግሥትና ተገንጥለው በወጡት የደቡብ ግዛቶች መካከል የተካሄደውን። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በሁለቱም ወገን ጦሩ ከሞላ ጎደል ከባዶ የተሠራው በወዶ ዘማቾች ነው። ደግሞም ዋሽንግተን ዙሪያ ያለን ሐበሾች በየቀኑ የምንነዳው በዚያ ጦር ሜዳ መሃል ነው። ማናሳስ ቤት የገዛ ዘመድ የሌለው ማነው? አንባቢ ነገሩን ወደ አገር ቤት ቢወስደው አልከለክልም። እኔ ግን እዚሁ እቆያለሁ።

ጦርነቱ በኤፕሪል 1861 ሲጀመር የፌዴራሉ መደበኛ ጦር 16,000 ሰው ገደማ ነበር። አብዛኛውም በምዕራቡ ጠረፍ ተበታትኖ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኮንኖች ደግሞ ሥራቸውን ለቀው ወደ ደቡብ ገቡ። ፕሬዚዳንት ሊንከን 75,000 ሚሊሻ ለሦስት ወር ጠራ። ሕጉ ከዚያ በላይ አያስኬደውም። ሦስት ወር እንደማይበቃ ወዲያው ታየና በሜይ ለሦስት ዓመት የሚዘምት ፈቃደኛ ተጠየቀ። በጁላይ ኮንግረሱ ግማሽ ሚሊዮን ፈቀደ።

ይህ ሁሉ ሰው እንዴት ተደራጀ? በመንደር ነው። አንድ ጠበቃ ወይም አስተማሪ፣ አለዚያም ገንዘብ ያለው ነጋዴ ማስታወቂያ ይለጥፋል። አዳራሽ ውስጥ ንግግር ይደረጋል፤ ሙዚቃ ይመታል፤ ሴቶች ባንዲራ ይሰፋሉ። መቶ የሚጠጋ ሰው ይፈርማል። ይኸው አንድ ሻምበል ጦር ተገኘ። ከዚያ ወታደሮቹ የሻምበሉን አዛዥና መቶ አለቆቹን በድምፅ ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ያው የሰበሰባቸው ሰው ነው። አሥር ሻምበል ሲገናኝ ሺህ ሰው ገደማ ያለው ሬጅመንት ይሆናል። የሬጅመንቱን ኮሎኔል የግዛቱ ገዢ ይሾማል። ሦስት አራት ሬጅመንት ብርጌድ ይሆናል፤ ብርጌዶች ክፍለ ጦር፣ ክፍለ ጦሮች ደግሞ ኮር። ጄኔራሉን ፕሬዚዳንቱ ይሾማል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል።

ልብ በሉ። የሻምበሉ አዛዥ ሹመቱ ከጎረቤቶቹ ነው። ኮሎኔሉ ከገዢው ነው። ጄኔራሉ ከፕሬዚዳንቱ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሦስት የተለያየ ባለቤት አለ።

ወታደር አዛዡን መምረጡን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። አንድ የኢሊኖይ ገበሬ ከማያውቀው ሰው ትእዛዝ ለመቀበል አልነበረም ከቤቱ የወጣው። ከወንድሙ፣ ከአጎቱ ልጅ፣ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚዘምት ነው የወጣው። ይህ የራሱ የሆነ ጥንካሬ አለው። የሸሸ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ እናቱ ቤት ይደርሳል። ብዙ ሰው እሳት ውስጥ ጸንቶ የቆመው በዚህ ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታው ግን ወደ ላይም ይሠራል። በጎረቤቶቹ ድምፅ የተሾመ አዛዥ ለጎረቤቶቹ መራራ ነገር ማዘዝ ይከብደዋል። ጦርነቱ አልቆ እዚያው ከተማ ይመለሳል። ጠበቃ ከሆነ ደንበኞቹ ናቸው፤ ፖለቲከኛ ከሆነ መራጮቹ ናቸው። መራራ ነገር ስል ወደ መድፍ ሩጡ ማለትን አይደለም። እሱማ ይታዘዝ ነበር። መጸዳጃ ጉድጓድ ከድንኳን ርቃችሁ ቆፍሩ፣ እዚያው ተጠቀሙ፣ በየቀኑ አፈር መልሱበት። ይህን ነው ማሳዘዝ ያቃተው። ወጣቱ ደስ ባለው ቦታ ይጸዳዳል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ምንጩ ይወርዳል። ተቅማጡ፣ ታይፎይዱ፣ ኩፍኙ ሰፈሩን ፈጀው። በሰሜኑ ጦር በጥይት ከሞተው በበሽታ የሞተው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሁሉም በአዛዥ ስንፍና ነው አልልም፤ የዘመኑ ሕክምናም ያው ነበር። ግን ጥብቅ አዛዥ ያለበት ሰፈርና የሌለበት ሰፈር አንድ አልነበሩም።

አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ላይ ምሳ የበላ ሰው የሚያልፍበት ማዕዘን አለ። ያኔ እዚያ ማርሻል ሃውስ የሚባል ሆቴል ነበር። ሜይ 24 ቀን 1861 የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ኤልመር ኤልስወርዝ የሚባል የ24 ዓመት ኮሎኔል ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የደቡቡን ባንዲራ አወረደ። ሲወርድ የሆቴሉ ባለቤት ደረጃው ላይ በጥይት ገደለው። ኤልስወርዝ የሊንከን ወዳጅ ነበር፤ አገሩ ሁሉ አለቀሰ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሬጅመንቱን የሰበሰበው እሱ ነው፤ ከኒውዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኞች። በእሱ ስም፣ በእሱ ዝና ነበር የተሰባሰቡት። ሁለት ወር ሳይሞላ በጦርነቱ የመጀመሪያ ትልቅ ውጊያ፣ ማናሳስ አጠገብ ቡል ረን ላይ ተበተኑ። በ1862 አጋማሽም ሬጅመንቱ ፈረሰ። ለነገሩ ደፋር ሰዎች ነበሩ፤ እሳት ውስጥ መግባት ሥራቸው ነበር። ጦሩ ግን የአንድ ሰው ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ የሚይዘው አልነበረም።

ከዚህ የሚለየው የ79ኛው የኒውዮርክ ሬጅመንት ታሪክ ነው። ሃይላንደርስ ይባላሉ፤ መሠረታቸው የስኮትላንድ ተወላጆች ነበሩ። የጦር ሚኒስትሩ ወንድም የነበረው ኮሎኔላቸው ጄምስ ካሜሮን ጁላይ 21 ቀን ቡል ረን ላይ ተገደለ። ብዙ ሰውም አለቀባቸው። ወደ ኒውዮርክ ተመልሰን እናርፋለን፣ ሰው እንጨምራለን፣ ኮሎኔላችንንም ራሳችን እንመርጣለን ብለው ጠበቁ። እረፍቱ ቀረ። ኮሎኔል ተብሎ የመጣው ደግሞ የማያውቁት ሰው ነው፤ አይዛክ ስቲቨንስ። ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት አንደኛ ሆኖ የወጣ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ትእዛዙ ደረቅ።

ኦገስት 14 ቀን 1861፣ እዚያው ዋሽንግተን፣ ድንኳን ንቀሉ ተባሉ። አንነቅልም አሉ። ስቲቨንስ ለመነ፣ መከረ፣ አዘዘ። አልሆነም። አዛዡ ጄኔራል ማክሌላን መደበኛ እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፍ ልኮ ከበባቸው። ጥይት የጎረሰ መድፍ ፊታቸው ተደቀነ። ነቀሉ። የአድማው መሪዎች ታሰሩ። ባንዲራቸውም ተወሰደ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ያቆመዋል፤ «አየህ፣ መድፍ ነው ጦርን ጦር የሚያደርገው» ይላል። አይደለም። መድፉ ድንኳን አስነቀለ፤ በቃ። ወታደር ያደረጋቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ስቲቨንስ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሆኖ አገኙት። ከአንድ ወር በኋላ ሉዊንስቪል ላይ፣ ከዛሬው ማክሊን አጠገብ፣ ተዋግተው በጨዋነት ሲመለሱ ባንዲራቸው ተመለሰላቸው። እሱ ጄኔራል ሆኖ ብርጌድ ሲይዝ 79ኛው አብሮት ሄደ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1862 ቻንቲሊ ላይ፣ በዝናብና በመብረቅ መሃል፣ ባንዲራ ያዡ ሲወድቅ ስቲቨንስ የዚያኑ የ79ኛውን ባንዲራ ራሱ አንስቶ ወደፊት ሄደ። ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ። ከዓመት በፊት አንፈልግህም ያሉት ሰዎች ናቸው እንግዲህ የተከተሉት።

ሰሜኑ ከዚህ ዓይነቱ ነገር ቶሎ ተማረ። በ1861 ክረምት የወጣው ሕግ መርማሪ ቦርድ ፈቀደ። የፈቃደኛ ጦር መኮንን ቦርዱ ፊት ቀርቦ ይፈተናል። ካላወቀ ይሰናበታል። በጥቂት ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ መኮንኖች ወጡ፤ ብዙዎቹ ፈተናውን ከመጋፈጥ ራሳቸው መልቀቅን መረጡ። ለእኔ የጦርነቱ ትልቅ ድል ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው፤ ሐውልት ግን የለውም። ያለ መድፍ፣ ያለ አድማ፣ ያለ መገዳደል አዛዥ ማውረድ ተቻለ።

በኋላ የሰሜኑ ጦር ዋና አዛዥ የሆነው ዩሊሲዝ ግራንት የመጣውም አዛዥ ወርዶ ነው። ከጦሩ ከለቀቀ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ በኢሊኖይ ጋሊና ከተማ በአባቱ የቆዳ መደብር ይሠራ ነበር። 21ኛው የኢሊኖይ ሬጅመንት የመረጠው ኮሎኔል ሰካራምና ቀላል ሰው ሆኖ ሰፈሩ ጋጠወጥ ሆነ፤ የአካባቢው ዶሮ እንኳ አልተረፈም ይባላል። የግዛቱ ገዢ ያንን አንስቶ ግራንትን ሾመ። ግራንት ጦሩን በባቡር ከመጫን ይልቅ በእግሩ አስጓዘው። ሰነፍና ጎበዝ የሚለየው መንገድ ላይ ነው። ግራንት ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ ሚዙሪ ውስጥ ወደ ጠላት ሰፈር መጀመሪያ ሲጠጋ ልቡ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ኮረብታውን ሲወጣ ሰፈሩ ባዶ ነው። ለካ ያኛውም እሱን እኩል ይፈራው ነበር።

ሁሉም ሹመት እንዲህ አማረ ማለት አይደለም። ሊንከን ለፖለቲካ ሲል የሾማቸው ጄኔራሎች ብዙ ጣጣ አምጥተዋል። የቀድሞ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናትናኤል ባንክስ በ1862 ሸናንዶዋ ሸለቆ ላይ ስንቁንና ትጥቁን ለጠላት ትቶ ስለሸሸ፣ የደቡብ ወታደሮች ስንቅ አቅራቢያችን እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ፍራንዝ ሲግል የጀርመን ስደተኞችን በብዛት አመጣ፤ ውጊያው ላይ ግን እምብዛም። ሊንከንን ግን ይገባኛል። የጀርመኑን፣ የአይሪሹን፣ የተቃዋሚውን ፓርቲ ሰው ካልያዘ ጦርነቱ የአንድ ፓርቲ ጦርነት ይሆንበታል። ስህተቱ መሾሙ አልነበረም፤ ለማውረድ መዘግየቱ ነው። ባንክስ በ1864ም ሬድ ሪቨር ላይ ጦር ይመራ ነበር!

ደቡቦቹ ምርጫውን ይበልጥ አጠበቁት። በኤፕሪል 1862 የግዳጅ ምልመላ ሕግ ሲያወጡ፣ የአንድ ዓመት ውላቸው ያለቀውን ወታደሮች እንዳያስከፉ፣ መኮንኖቻችሁን እንደገና ምረጡ አሏቸው። ጠላት ደጃቸው ቆሞ ምርጫ! ብዙ ጥብቅ መኮንን በዚያ ተሸኘ።

ከላይም ቢሆን መስመሩ የጠራ አልነበረም። በ1862 መጀመሪያ በብርድ ሮምኒ የምትባል ከተማ የተተወው የጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ጦር በአዛዡ በስቶንዎል ጃክሰን አኮረፈ። መኮንኖቹ ማመልከቻ ፈርመው በጃክሰን ጭንቅላት ላይ አልፈው ወደ ዋና ከተማው ላኩ። የጦር ሚኒስትሩም ጃክሰንን ሳያማክር ጦሩን መልስ ብሎ ቴሌግራም መታለት። ጃክሰን ትእዛዙን ፈጸመና ወዲያው መልቀቂያውን አስገባ። የቨርጂኒያ ገዢ ለምኖ ባያስቀረው ኖሮ ደቡብ እውቁን ጄኔራሏን በአንድ ቴሌግራም ታጣው ነበር። ሎሪንግ ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ።

ይህ ሎሪንግ ለእኛ እንግዳ ሰው አይደለም። ደቡብ ከተሸነፈች በኋላ ግብፅ ገብቶ ለገዢዋ ለኬዲቭ ኢስማኤል ተቀጠረ። በማርች 1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስንና ራስ አሉላን ሊወጋ ከመጣው ጦር ጋር የነበረው አንድ እጅ የሌለው ጄኔራል እሱ ነው። እዚያም ያው ችግር ጠበቀው። አዛዡ ራቲብ ፓሻ፣ እሱ የኤታማዦር ሹም። የማን ቃል እንደሚጸና ሳይለይ ሁለቱ ሲነታረኩ፣ ጦሩም በሁለት ምሽግ ተከፍሎ ሳለ፣ የኛዎቹ ደረሱባቸው። የጉራ ድል በዚህ ብቻ መጣ እያልኩ አይደለም፤ የአባቶቻችንን ተጋድሎ ማሳነስ ይሆንብኛል። ግን ጠላት ሁለት አፍ ይዞ ሲመጣ ማን ይጠላል?

ወደ ሰሜኑ ልመለስና አንድ በሽታ ልጥቀስ፤ አዲስ ስም የማብዛት በሽታ። ነባር ሬጅመንት በውጊያና በበሽታ ሳስቶ ሁለት ሦስት መቶ ሰው ሲቀረው፣ ብልሃቱ አዲሱን ምልምል እዚያ ማስገባት ነበር። ምልምሉ ከአርበኛው ጎን ሆኖ በሳምንታት ይማራል። ገዢዎቹ ግን አዲስ ሬጅመንት ማቋቋም ይወዱ ነበር። ለምን? አዲስ ሬጅመንት ማለት ከ30 በላይ አዲስ የመኮንንነት ሹመት ነው፤ ለወዳጅ፣ ለደጋፊ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ። ስለዚህ ያረጁት እየመነመኑ፣ ጀማሪዎቹ ሺህ ሆነው ከጀማሪ አዛዥ ጋር እየገቡ አለቁ። ዊስኮንሲን ከዚህ ተለይታ ነባሮቹን ትሞላ ነበር። የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን በኋላ ሲጽፍ አንድ የዊስኮንሲን ሬጅመንት እንደ አንድ ብርጌድ ይቆጠር ነበር ብሎ አመስግኗታል። ስለዚህ «አዲስ ብርጌድ ተቋቋመ» የሚል ዜና የትም ስሰማ አላጨበጭብም። ነባሩ ምን ሆነ ብዬ ነው የምጠይቀው።

አዛዥን በደንብ የመረመረው የጦሩ ክፍል የትኛው መሰላችሁ? የጥቁሮቹ ነው። በሜይ 1863 ለጥቁር ወታደሮች የተለየ ቢሮ ሲቋቋም፣ መኮንን መሆን የፈለገ ሁሉ ቦርድ ፊት ፈተና መቀመጥ ነበረበት። ፊላደልፊያ ውስጥ ለፈተናው የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተከፈተ። በገዢ ወዳጅነት የሚገኝ ነገር አልነበረም። 179,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በዚህ ጦር ዘመቱ። ጉዱ ግን ተፈታኞቹ ከሞላ ጎደል ነጮች ብቻ ነበሩ። ጥቁሩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሳይሆን 10 ይባልለት ነበር፤ ሦስቱ ለልብስ ሲቆረጥ 7 ይቀረዋል። የ54ኛው ማሳቹሴትስ ወታደሮች ሙሉውን ካልሰጣችሁን አንቀበልም ብለው ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ኮንግረሱ ያስተካከለው በጁን 1864 ነው።

«ፈተና፣ ቦርድ፣ ሕግ፤ ይሄ ሁሉ ቢሮክራሲ ነው፤ እውነተኛ አዛዥ በውጊያ ራሱ ይወጣል» የሚል ሰው አውቃለሁ። ምሳሌውንም አውቃለሁ፤ የደቡቡ ናታን ቤድፎርድ ፎረስት። በ1861 ተራ ወታደር ሆኖ ገባ፣ ሌተና ጄኔራል ሆኖ ወጣ። ጦር ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጠም። እውነት ነው፣ ውጊያ ያውቃል። ያው ሰው የሚመራው ጦር ግን በኤፕሪል 1864 ፎርት ፒሎ ላይ እጃቸውን የሰጡ ጥቁር ወታደሮችን ፈጀ። ጎበዝን ከላይ የሚይዘው ከሌለ ጉብዝናው ብቻውን አይበቃም።

ይህ ይበልጥ የታየው በሽምቅ ተዋጊዎቹ ነው። በኤፕሪል 1862 ደቡብ የፓርቲዛን ሕግ አወጣች። ሰው ራሱን አደራጅቶ ይዋጋ፣ የማረከው ትጥቅም ይከፈለው አለች። ወሬው ሲሰማ ከመደበኛው ሬጅመንት ሰው መሹለክ ጀመረ። ማን ቦይ ውስጥ ተኝቶ ደረቅ ብስኩት ይበላል? ፈረስ፣ ምርኮ፣ ቤት ማደር እያለ! ቨርጂኒያ ውስጥ የደቡቡን ጦር ይመራ የነበረው ጄኔራል ሊ ራሱ ነገሩ ሥነ ሥርዓት አጥፊ ነው፣ ሕጉ ይነሳ አለ። በፌብሩዋሪ 1864 ተሻረ። ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረው የጆን ሞዝቢ ቡድን ከተተዉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ሞዝቢ ለሊ ሪፖርት ያደርግ ነበርና።

በሚዙሪ በኩል ለደቡብ ይዋጋ የነበረውን ሽምቅ ተዋጊ ዊልያም ኳንትሪልን ግን ማንም አልሻረውም። ካፒቴን ነኝ የሚል፣ ለማንም የማይመልስ ሰው ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1863 ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ ከተማ ገብቶ 150 የሚያህሉ ወንዶችንና ልጆችን ገደለ፤ አብዛኞቹ መሣሪያ ያልያዙ ነበሩ። የብርዱን ወራት ቴክሳስ ሲያሳልፍ የራሱ ወገን ጄኔራል እንኳ ሊያስረው ሞከረ። አመለጠ። ከዚያ የወደቀው በራሱ ሰዎች ነው። ቢል አንደርሰን ተገንጥሎ ሄደ፣ ጆርጅ ቶድ አስፈራርቶ ቡድኑን ወሰደበት። ሕግ የማያወርደውን ሽጉጥ አወረደው። አንደርሰንም በፈንታው፣ በሴፕቴምበር 1864 ሴንትራሊያ ላይ፣ መሣሪያ ያልያዙ ወታደሮችን ከባቡር አስወርዶ ረሸነ።

በ1865 ጦርነቱ ሲያልቅ ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየ። የሰሜኑ ጦር አንድ ሚሊዮን ሰው ነበረው። በሜይ ዋሽንግተን ላይ ሁለት ቀን ሰልፍ አደረገ፤ እስከ ኖቬምበር 800,000 የሚሆነው ደመወዙን ተቀብሎ፣ የመሰናበቻ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ። የሾማቸው አካል አሰናበታቸው። የሚዙሪዎቹን ግን የሾማቸውም የሚያሰናብታቸውም አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1866 ሊበርቲ በምትባል ከተማ በጠራራ ፀሐይ ባንክ ተዘረፈ፤ በመንገድ ላይ የነበረ ተማሪም ተገደለ። የተጠረጠሩት የኳንትሪልና የአንደርሰን ሰዎች ነበሩ። ጄሲ ጄምስ የሚባለውም ወንበዴ ከዚያው የወጣ ነው፤ በአንደርሰን ሥር ሲዘምት ገና 16 ዓመቱ ነበር።